ለወባ የዲኤንኤ ክትባት፦ ሠላሳ ዓመት የተደከመበት ሥራ ምን ላይ ደርሷል?

የመተማው ላብራቶሪ ጠየቀ፦

ሰላምታዬ ለሁላችሁም ይድረስ። በምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ በአንድ ጤና ጣቢያ ላብራቶሪ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ዘንድሮ ደግሞ ከሥራዬ ጎን ለጎን የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ጀምሬያለሁ። ለሴሚናር የመረጥኩት ርዕስ ለወባ የሚሠራ የዲኤንኤ ክትባት ነው። ርዕሱን ያነሣሁት ለውጤት ብቻ ስላልሆነ፣ ጥያቄዬን ከማቅረቤ በፊት ከየት እንደ መጣ ላስረዳ።

ሰሊጥ በሚደርስበት ወቅት ከደጋው ብዙ የቀን ሠራተኞች ወደ እኛ ይወርዳሉ። አብዛኞቹ ወባ በሌለበት አገር ተወልደው ያደጉ ስለሆኑ ሰውነታቸው በሽታውን አያውቀውም፤ የሚያድሩት ማሳ ውስጥ ስለሆነም አጎበር የሚሰቅሉበት ቦታ እንኳ የላቸውም። ባለፈው ጥቅምት ሃያ ዓመት የማይሞላው አንድ ልጅ ጓደኞቹ በቃሬዛ ተሸክመውት መጣ። የደም ናሙናውን በጊምሳ አቅልሜ በመቶው ሌንስ ስመለከት ዓይኔ ያረፈበት ቦታ ሁሉ በቀጫጭን ቀለበቶች ተሞልቶ ነበር፤ በአንዳንዱ ቀይ የደም ሴል ውስጥ ሁለት፣ በአንዳንዱም ሦስት ቀለበት ይታያል። ከፍተኛውን የተሕዋስ ብዛት የሚያመለክተውን አራት የመደመር ምልክት ጽፌ ወረቀቱን ሳቀብል እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ልጁ በደም ሥር በተሰጠው አርቴሱኔት ተርፏል። ይሁን እንጂ ከቀዬው ከመነሣቱ በፊት የሚወጋው አንድ ክትባት ቢኖር ኖሮ የሚለው ሐሳብ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንዲሰጡ የመከራቸው ሁለቱ የወባ ክትባቶች፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ2021 አርቲኤስኤስ፣ በ2023 ደግሞ አር21፣ የታሰቡት ለሕፃናት ነው። እንደ እነዚህ ሠራተኞች ላለ ጎልማሳ የተዘጋጀ ክትባት የለም። በንባቤ እንደተረዳሁት የዲኤንኤ ክትባት ሐሳብ በወባ ላይ መሞከር የጀመረው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ የተሕዋሱን ሙሉ ፕሮቲን አምርቶ በመስጠት ፈንታ የፕሮቲኑን መመሪያ የያዘ ዲኤንኤ ጡንቻ ውስጥ ይወጋል፤ ፕሮቲኑን የሚሠራው የተከታቢው ሰውነት ራሱ ይሆናል። ህንድ በነሐሴ 2021 ለኮቪድ እንዲህ ያለ ክትባት ፈቅዳ ሰዎች ተከትበውበታል። ታዲያ ቀደም ብሎ የተጀመረው የወባው ለምን ከዳር አልደረሰም? ሐሳቡ ተሞክሮ ወድቋል ማለት ነው ወይስ በመሐል የተተወ? ጥናቶቹን በቅርበት የምታውቁ ብታብራሩልኝ ምስጋናዬ ከልብ ነው።


ኢሚዩኖሎጂስት ከሜሪላንድ መለሰች፦

ወንድሜ፣ የልጁን ታሪክ ሳነብ እኔም ቆም ብያለሁ፤ እኛ በቤተ ሙከራ ውስጥ የምንቆጥራቸው ቁጥሮች ፊት እንዳላቸው አስታወሱኝ። ሥራዬ ቲ ሴሎች በሚባሉት የሰውነት ተከላካይ ሴሎች ላይ ስለሆነ ከዚያው ወገን ልመልስልዎ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው ይህን ሥራ ለረጅም ጊዜ ከገፉት ተቋማት ዋነኛው የአሜሪካ ባሕር ኃይል የሕክምና ምርምር ክፍል መሆኑን ነው። ምክንያቱ ከእርስዎ ጥያቄ ጋር አንድ ነው። ወባ በሌለበት አገር ያደገ ወታደር ወደ ቆላ ሲላክ፣ ከደጋ ወርዶ ሰሊጥ እንደሚያጭደው ልጅ ሁሉ ያለ ምንም መከላከያ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ እነዚህ ሰዎች ከመጀመሪያው ይፈልጉት የነበረው ክትባት ጎልማሳን ለአንድ ወቅት ሙሉ በሙሉ የሚጠብቅ ክትባት ነበር።

በ1990 በዊስኮንሲን የነበሩ ተመራማሪዎች ያልተሸፈነ ዲኤንኤ በአይጥ ጡንቻ ውስጥ ሲወጉ የጡንቻው ሴሎች መመሪያውን ተቀብለው ፕሮቲኑን እንደሚሠሩ አሳዩ። በ1993 በዚሁ መንገድ አይጦችን ከኢንፍሉዌንዛ መከላከል ተቻለ። በ1994 ደግሞ ማርታ ሰዴጋና ስቲቨን ሆፍማን የነበሩበት የባሕር ኃይሉ ቡድን በአይጥ ወባ ላይ ሞክሮት ተሳካ። የተጠቀሙት መመሪያ የስፖሮዞይቱን፣ ማለትም ትንኟ ከምራቋ ጋር ወደ ሰውነት የምታስገባውን ተሕዋስ፣ ገላ የሚሸፍነውን ፕሮቲን የሚያሠራ ነበር። ሲኤስፒ ይባላል፤ ዛሬ አርቲኤስኤስም አር21ም የተመሠረቱት በዚሁ ፕሮቲን ላይ ነው። ከተከተቡት አይጦች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከኢንፌክሽን ተጠበቁ፤ ሲዲ8 የሚባሉት ገዳይ ቲ ሴሎች ሲወገዱ ግን ጥበቃው አብሮ ጠፋ። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለሚቀጥለው ታሪክ ቁልፍ ስለሆነ ይያዙልኝ።

በ1998 የሰው ተራ ደረሰ። ሃያ ጤነኛ በጎ ፈቃደኞች በአራት ቡድን ተከፍለው ከ20 እስከ 2500 ማይክሮግራም የሚደርስ ዲኤንኤ ሦስት ሦስት ጊዜ ተወጉ። በ11ዱ ደም ውስጥ ሲኤስፒን ለይተው የሚያውቁ ገዳይ ቲ ሴሎች ተገኙ። የዲኤንኤ ክትባት በጤነኛ ሰው ላይ እንዲህ ያሉ ሴሎችን ሊቀሰቅስ እንደሚችል የታየው በዚህ ጥናት ስለሆነ በጊዜው ታላቅ ደስታ ፈጥሮ ነበር። ነገር ግን ከሃያዎቹ በአንዱም ላይ ሲኤስፒን የሚይዝ ጸረ እንግዳ አካል (አንቲቦዲ) አልተገኘም። አይጦቹ ግን ሁለቱንም አፍርተው ነበር።

እንግዲህ ገዳይ ሴሎች ብቻቸውን ምን ያህል መሄድ እንደሚችሉ እናስብ። ትንኟ አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ ያነሱ ስፖሮዞይቶችን ታስገባለች፤ ከእነዚህም ጥቂቶቹ ብቻ ጉበት ይደርሳሉ። ጉበት በመቶ ቢሊዮኖች የሚቆጠሩ ሴሎች አሉት፤ ተሕዋሱ የገባባቸው ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ገዳይ ቲ ሴሎች እነዚያን ጥቂት ሴሎች በሙሉ ፈልገው ማግኘት ያለባቸው ፋልሲፓረም የተባለው ገዳዩ የወባ ተሕዋስ በጉበት ውስጥ በሚቆይበት አንድ ሳምንት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ነው። ዘጠኙን አግኝተው አንዱን ቢስቱ፣ ከዚያች ከቀረችው አንዲት የጉበት ሴል በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሜሮዞይቶች፣ ማለትም ቀይ የደም ሴልን የሚወርሩ የተሕዋሱ ልጆች፣ ወጥተው ወደ ደም ይገባሉ። ቀይ የደም ሴል ደግሞ ኒውክሊየስ ስለሌለው፣ በውስጡ ምን እንዳለ በገላው ላይ አውጥቶ ለቲ ሴል የሚያሳይበት መሣሪያም ስለሌለው፣ ተሕዋሱ እዚያ ከገባ በኋላ ገዳይ ቲ ሴሎች አያዩትም። እርስዎ በማይክሮስኮፕ ያዩአቸው ቀለበቶች ለእነርሱ የተሰወሩ ናቸው። በኮቪድና በኢንፍሉዌንዛ ከፊል ጥበቃ በሽታውን ያቀልላል፤ በዚህኛው መንገድ ግን አንድ ሴል ማምለጥ ማለት ሙሉ ሕመም ማለት ሊሆን ይችላል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ ይህን ጉድለት ለመሙላት የተደረገ ጥረት ነው። በአንድ ዘረመል ፈንታ አምስት ዘረመሎችን አንድ ላይ መስጠት ተሞከረ፤ በጎ ፈቃደኞቹ በቁጥጥር ስር ለተያዙ ትንኞች ንክሻ ሲጋለጡ ግን ጥበቃ አልታየም። የኦክስፎርድ ቡድን ደግሞ በዲኤንኤ ጀምሮ፣ ያንኑ ዘረመል በተሸከመ በተዳከመ ቫይረስ ማጠናከር የሚባለውን ዘዴ አመጣ። በአይጥ ላይ አስደናቂ ነበር፤ በእንግሊዝ አገር በጎ ፈቃደኞችም ላይ ተሕዋሱ በደም ውስጥ የሚታይበትን ጊዜ አዘገየ። ይህንኑ ክትባት ለ372 ጋምቢያውያን ወንዶች ሰጥተው በዝናቡ ወቅት ሲከታተሉ ግን በ2004 የታተመው ውጤት 10 በመቶ ገደማ ሆነ፤ በስታቲስቲክስ ሚዛን ከዜሮ የማይለይ ነው።

ስለዚህ ጥያቄዎን በአጭሩ ስመልሰው፦ ሐሳቡ ተሞክሯል፣ ብቻውን ሲሰጥ በሰው ላይ አልበቃም፤ ግን አልተተወም። በ2013 የታተመውን የባሕር ኃይሉን ሌላ ጥናት ሳይመለከቱ ሴሚናርዎን እንዳይዘጉ እለምንዎታለሁ። የሲኤስፒንና ኤኤምኤ1 የተባለውን ሌላ ፕሮቲን መመሪያ የያዘ ዲኤንኤ መጀመሪያ ተሰጥቶ ያንኑ መመሪያ በተሸከመ አዴኖቫይረስ በተባለ ቫይረስ ሲጠናከር ከ15 ሰዎች አራቱ ምንም ተሕዋስ ሳይታይባቸው ሙሉ በሙሉ ተጠበቁ። ያንኑ አዴኖቫይረስ ያለ ዲኤንኤው በተናጠል ሲሰጡት ግን አንድም ሰው አልተጠበቀም። ከ15 አራት ለአገልግሎት የሚበቃ ክትባት አይደለም፤ ዲኤንኤው ግን አንድ እውነተኛ ሥራ እንደሠራ ይመሰክራል።


መምህር ዘባዮኬሚስትሪ መለሰ፦

እህቴ የጻፈችው እጅግ ጥሩ ነው። ከእኔ ሙያ አንፃር ግን አንድ የቀረ ነገር አለ፤ ችግሩ የተከታቢው ሰውነት ብቻ ሳይሆን የተሕዋሱ ዘረመል ራሱም ነው።

የፋልሲፓረም ሙሉ የዘረመል ንባብ በ2002 ሲታተም 23 ሚሊዮን ያህል የዲኤንኤ ፊደላት (ኤ፣ ቲ፣ ጂ እና ሲ)፣ በ14 ክሮሞሶሞች ላይ የተቀመጡ 5300 ገደማ ዘረመሎች ተገኙ። የሚያስገርመው ከፊደላቱ 80 በመቶ ያህሉ ኤ እና ቲ መሆናቸው ነው፤ የእኛው ወደ 59 በመቶ ነው። ሁላችንም እንደተማርነው አንድን አሚኖ አሲድ ለመጥራት ከአንድ በላይ ባለ ሦስት ፊደል ኮድ አለ። ፋልሲፓረም ከእነዚህ መካከል ኤ እና ቲ የበዙባቸውን ይመርጣል፤ የሰው ሴል ደግሞ ሌሎቹን ይመርጣል። ስለዚህ የተሕዋሱን ዘረመል እንዳለ ቆርጠን ለሰው ጡንቻ ሴል ብንሰጠው፣ በማያውቀው ዘዬ የተጻፈ ደብዳቤ እንደሚያነብ ሰው እየተንተባተበ ያነበዋል፤ የሚሠራው ፕሮቲንም ጥቂት ይሆናል። በ2001 የታተመ ሥራ እንዳሳየው የሜሮዞይት ፕሮቲኖችን ዘረመል የአሚኖ አሲዱን ቅደም ተከተል ሳይለውጡ አጥቢ እንስሳት በሚመርጡት ኮድ እንደገና ሲጽፉት፣ የሚመረተው ፕሮቲንም በአይጥ ላይ የሚገኘው ምላሽም ጨምሯል። ዛሬ ይህ የተለመደ አሠራር ነው፤ በቀደሙት ዓመታት ግን የተሕዋሱን ዘረመል በራሱ ኮድ መጠቀም የተለመደ ነበር። ሐሳቡ በሰው ላይ መጀመሪያ የተመዘነው በተሟላ መሣሪያ አልነበረም የምለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ችግር ከዚህ ይረቅቃል። የሰው ሴል ብዙ ፕሮቲኖችን ወደ ውጭ ከመላኩ በፊት በላያቸው ላይ የስኳር ሰንሰለት ይለጥፋል። የወባ ተሕዋስ ግን ይህን የሚያደርገው እጅግ በጥቂቱ ነው። የተሕዋሱ ፕሮቲን በእኛ ሴል ውስጥ ሲሠራ ለስኳር መለጠፊያ የሚመስል ቦታ ካለው ስኳሩ ይለጠፍበታል፤ ቅርጹም ይሸፈናል። በዚያ ላይ የሠለጠነ ጸረ እንግዳ አካል እውነተኛውን ተሕዋስ ሲያገኝ ላያውቀው ይችላል። የዲኤንኤ ክትባት ነድፎ የሚሰጥ ሰው እነዚህን ቦታዎች አንድ በአንድ ለይቶ መለወጥ ይኖርበታል።

ሦስተኛው የመጠን ጉዳይ ነው። ሃያ ግራም ለምትመዝን አይጥ 100 ማይክሮግራም ዲኤንኤ መስጠት የተለመደ ነው። ይህ በኪሎ አምስት ሚሊግራም ማለት ነው፤ ስልሳ ኪሎ ለሚመዝን ሰው በዚያው ልክ ስናሰላ 300 ሚሊግራም ይመጣል። እህቴ የጠቀሰችው ከፍተኛው መጠን ግን ሁለት ተኩል ሚሊግራም ነበር። ክትባት እንደ መድኃኒት በክብደት አይሰላም ትሉኝ ይሆናል፣ እውነት ነው፤ ቢሆንም ልዩነቱ ከመቶ እጥፍ በላይ ሲሆን ዝም ብሎ የሚታለፍ አይመስለኝም።

ለተማሪዎቼ ፕላዝሚድ፣ ማለትም የክትባቱን መመሪያ የሚሸከመውን ክብ ዲኤንኤ፣ ከባክቴሪያ ማውጣት ሳስተምር ሁልጊዜ የማቆምበት ቦታ አለ። ባክቴሪያውን በአልካላይ ሲሰብሩት ፈሳሹ እንደ ተልባ ይዝለገለጋል፤ ከዚያ አሲድ ሲጨመርበት የባክቴሪያው ትልቁ ዲኤንኤና ፕሮቲኑ እንደ አይብ ረግቶ ወደ ታች ይወርዳል፤ ፕላዝሚዱ ግን ክብና ትንሽ ስለሆነ በጠራው ውሃ ውስጥ ይቀራል። በመጨረሻ አልኮል ጨምረው በማሽኑ ሲያሽከረክሩት ከቱቦው ሥር የጤፍ ፍሬ የምታህል ነጭ ነገር ትታያለች። ያቺ ነጭ ነገር ናት ክትባቱ። ለመሥራት ባክቴሪያ፣ ጥቂት ኬሚካልና ንጽሕና ይበቃል፤ ለሰው እንዲሆን ማጥራቱ ከባድ ቢሆንም መሠረታዊው ሥራ በእኛ አገር ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ዛሬም የሚከናወን ነው። በዚህ ዘርፍ ላይ ተስፋ እንዳልቆርጥ የሚያደርገኝ ይህ ነው።

የኮቪዱን በተመለከተ የህንዱ ክትባት በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ሁለት ሚሊግራም ነበር፣ ሦስት ጊዜ፤ ከመርፌ ይልቅ በግፊት ቆዳ ውስጥ በሚረጭ መሣሪያ ይሰጥ ነበር። የተመዘገበው ውጤታማነት 66.6 በመቶ ነው። ከወባው ጋር የሚቀራረብ መጠን ይዞ የሠራበት ምክንያት መሣሪያው ይመስለኛል። ዲኤንኤ እስከ ኒውክሊየስ ድረስ መግባት አለበት፤ ብዙው ግን ከሴሉ ውጭ ቀርቶ ይፈርሳል።


ኢሚዩኖሎጂስት ከሜሪላንድ መለሰች፦

መምህር፣ ስለ ኮዱና ስለ ስኳሩ ያሉትን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ፤ ስለ መሣሪያው ግን ትንሽ ላርም። ያለ መርፌ በግፊት የሚሰጥ መሣሪያ በወባውም ተሞክሯል። በ2001 የታተመው የባሕር ኃይሉ ጥናት መርፌውንና መሣሪያውን አወዳድሯል፤ የቲ ሴል ምላሽ ተገኘ፣ ጸረ እንግዳ አካል ግን አሁንም አልመጣም። ስለዚህ ልዩነቱን በመሣሪያው ብቻ ማስረዳት የሚቻል አይመስለኝም። የኮሮና ቫይረስ ለቀናት በመተንፈሻ አካላት ውስጥ ይባዛል፤ መካከለኛ ጸረ እንግዳ አካል ከጥቂት ቲ ሴሎች ጋር ሆኖ ሕመሙን ሊያቀልለው ይችላል። ስፖሮዞይት ግን ከንክሻው በኋላ በደቂቃዎችና በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ጉበት ይገባል። በዚያች አጭር ጊዜ ለመያዝ ደሙ በጸረ እንግዳ አካል የተሞላ መሆን አለበት። አርቲኤስኤስና አር21 የሚሠሩት በዚህ መንገድ ነው፤ የሲኤስፒን ቁራጭ ከጉበት ቫይረስ ቢ ፕሮቲን ጋር አጣብቀው፣ ኃይለኛ አጋዥ ንጥረ ነገር ጨምረው፣ የጸረ እንግዳ አካሉን መጠን እጅግ ከፍ ያደርጉታል። መጠኑ ከወራት በኋላ ሲወርድ ጥበቃውም አብሮ ይወርዳል።

የዲኤንኤው መንገድ በጉበት ውስጥ ያለውን ተሕዋስ ያሳድዳል፣ የፕሮቲኑ መንገድ ከጉበት በር ላይ ይጠብቃል። እኔ በግሌ የማምነው ሁለቱ አንዱ የሌላው ምትክ ተደርገው መታየታቸው ብዙ ዓመት እንዳባከነብን ነው።


የክትባት አስተባባሪ ከአርባ ምንጭ ዙሪያ መለሰች፦

የምሁራኑን ውይይት በትኩረት ተከታትያለሁ። እኔ ነርስ ነኝ፤ ሥራዬ ክትባት ወደ ጤና ኬላዎች ማድረስ ነው። ከሜዳው ሁለት ነገር ልጨምር፣ አንድም ልጠይቅ።

የመጀመሪያው ቅዝቃዜ ነው። አር21ም ሆነ አርቲኤስኤስ አራት ጊዜ መሰጠት አለበት፤ ሁልጊዜም ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ መቆየት አለበት። ከወረዳው መጋዘን ተነሥተን በሞተር ብስክሌት ሁለት ሰዓት፣ ከዚያም በእግር አንድ ሰዓት የምንሄድበት ቀበሌ አለ። የክትባት መያዣውን ሣጥን በትከሻዬ ተሸክሜ ስሄድ በየመንገዱ የማስበው በረዶው እስክንደርስ ይቆይ እንደሆነ ነው። አንድ ጊዜ በሣጥኑ ውስጥ ያለው ጠቋሚ ቀለሙን ለውጦ ስላገኘሁት ጭነቱን በሙሉ መልሼ አስወግጃለሁ፤ ልጆቻቸውን አዝለው ከጠዋት ጀምሮ ሲጠብቁ የነበሩትን እናቶች ባዶ እጄን ማየት እስከ ዛሬ ያመኛል። መምህር የጠቀሱት የህንዱ የዲኤንኤ ክትባት በ25 ዲግሪ ለሦስት ወር እንደሚቆይ ሳነብ መጀመሪያ ያሰብኩት ያን ቀን ነው። እንዲህ ያለ ክትባት ውጤቱ ከሌላው ትንሽ ቢያንስ እንኳ በእኛ መንገድ ላይ የሚያድነው ልጅ ሊበልጥ ይችላል።

ሁለተኛው ቫይቫክስ የሚባለው ሌላው የወባ ዓይነት ነው። በአገራችን ፋልሲፓረም ብቻ ሳይሆን ቫይቫክስም በስፋት አለ፤ በእኛ መዝገብ ላይ ሁለቱ ጎን ለጎን ናቸው። ያሉት ክትባቶች ግን የተሠሩት ለፋልሲፓረም ነው። ቫይቫክስ በጉበት ውስጥ ተኝቶ ቆይቶ ከወራት በኋላ ይነሣል፤ ክሎሮኪን የወሰደ ሰው በጉበት የተኛውን የሚያጠፋውን ፕሪማኪን ሳይጨርስ ከቀረ ያው በሽታ ያለ አዲስ ንክሻ ይመለስበታል። ስለ ጉበት ስትነጋገሩ ይህ ለምን እንዳልተነሣ ገርሞኛል።

ጥያቄዬ ደግሞ የእናቶች ጥያቄ ነው። በኮቪድ ጊዜ አንዲት እናት ሕፃኗን እያጠባች፣ «ልጄ፣ ይኼ ነገር የልጄን ዘር ይለውጥብኝ ይሆን?» ብላኛለች። ያን ጊዜ የምሰጠው የዲኤንኤ ክትባት ስላልነበረ መልሱ ቀላል ነበር። በእርግጥ ዲኤንኤ የሆነ ክትባት ይዤ ብሄድ ምን ብዬ ልመልስላት?


ኢሚዩኖሎጂስት ከሜሪላንድ መለሰች፦

እህቴ፣ ቫይቫክስን ባለማንሣቴ ወቀሳዎ ተገቢ ነው። ተኝቶ የሚቆየው ተሕዋስ ያለው በጉበት ሴል ውስጥ ስለሆነ ጸረ እንግዳ አካል አይደርስበትም። ሊደርስበት የሚችል ነገር ካለ ገዳይ ቲ ሴል ነው፤ ዲኤንኤ ደግሞ በሰው ላይ ማድረግ የቻለው አንድ ነገር ቢኖር እነዚህን ሴሎች መቀስቀስ ነው። ተኝቶ ያለው ተሕዋስ ምን ያህል ፕሮቲን እንደሚሠራ፣ የትኛውም ለቲ ሴል እንደሚታይ በደንብ መጠናት አለበት። የዲኤንኤ ክትባት ለወባ የሚኖረው ትክክለኛ ቦታ ምናልባት እዚህ ሊሆን እንደሚችል እኔ ካሰብኩ ቆይቻለሁ።

ለእናቲቱ የሚሰጠው መልስ ሐቀኛ መሆን አለበት። ፕላዝሚዱ ከክሮሞሶም ጋር እንዲቀላቀል የሚያደርግ መሣሪያ በውስጡ የለውም፤ ሴሉ ሲሞት አብሮ ያልፋል። ተመራማሪዎች ይህን በእምነት ብቻ አልተዉትም። የተወጉ እንስሳትን ጡንቻ ወስደው መርምረዋል፤ ተቀላቅሎ ሊሆን ይችላል ተብሎ የተገመተው ከፍተኛው መጠን እንኳ በሰውነታችን ውስጥ በየዕለቱ በራሱ ከሚፈጠረው የዘረመል ስህተት በብዙ እጥፍ ያነሰ ነው። ሰውነት የራሱን ዲኤንኤ ማጥቃት ይጀምር ይሆን የሚለው ስጋትም ነበር፤ ለዚህም በጎ ፈቃደኞቹ ደም ተመርምሮ እንዲህ ያለ ምልክት አልታየም። የሚወጋው ደግሞ ክንድ ላይ ነው፤ ዘር የሚተላለፍባቸው ሴሎች ያሉት ሌላ ቦታ ነው። እኔ ብሆን፣ «እማማ፣ ይህ ክትባት ለሥጋ ለጊዜው የሚነበብ መልእክት ነው፤ ከልጅዎ ዘር ጋር አይቀላቀልም፤ ይህንንም መርምረው አይተውታል» እላታለሁ።


የመተማው ላብራቶሪ መለሰ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ጥያቄዬን ያቀረብኩት ለሴሚናር ነበር፤ አሁን ግን የመመረቂያ ጽሑፌንም በዚሁ ላይ ለመሥራት አስቤያለሁ። የእኛ ላብራቶሪ ማይክሮስኮፕ፣ ፈጣን መመርመሪያና አንድ ፍሪጅ ብቻ ነው ያለው። ክትባት መንደፍ ለእኔ የሚሞከር አይደለም። በዚህ አቅም ለዚህ ሥራ የሚጠቅም ምን ማድረግ ይቻላል? በጋምቢያው ጥናት ክትባቱ የተሠራበት ተሕዋስና በመስኩ የነበረው ተሕዋስ ተለያይተው ይሆን የሚለውም ሐሳብ አእምሮዬ ውስጥ እየተመላለሰ ነው።


መምህር ዘባዮኬሚስትሪ መለሰ፦

ወንድሜ፣ በመጨረሻው ዓረፍተ ነገርዎ የራስዎን ጥያቄ መልሰዋል። የጋምቢያው ክትባት የያዘው ዋና ፕሮቲን የተወሰደው ከአንድ ዝርያ ነው፤ ቲ 9/96 ይባላል። ያ ፕሮቲን ደግሞ ከቦታ ቦታ በእጅጉ ከሚለያዩት አንዱ ነው፤ የተከተቡትም ሰዎች ለክትባቱ ዝርያ የነበራቸው ምላሽ ለሌላ ዝርያ ከነበራቸው ይበልጥ ነበር። ለውጤቱ መውረድ ብቸኛው ምክንያት ባይሆንም ድርሻ እንዳለው አምናለሁ። የዲኤንኤ ክትባት ታላቅ ጥቅም ደግሞ መመሪያውን በሳምንታት ውስጥ እንደገና መጻፍ መቻሉ ነው። ይህ ጥቅም ሥራ ላይ የሚውለው ግን በየአካባቢው ያለው ተሕዋስ ምን ዓይነት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ሲኖር ነው።

ስለዚህ የምመክርዎ ቫይቫክስን እንዲይዙ ነው። የቫይቫክስ ሲኤስፒ ቪኬ210 እና ቪኬ247 የሚባሉ ሁለት ዋና ዋና ዓይነቶች አሉት፤ ተደጋግሞ የሚመጣው የፕሮቲኑ መሐል ክፍል በሁለቱ የተለያየ ስለሆነ፣ በአንዱ ላይ የተሠራ ክትባት ሌላውን ላይዝ ይችላል። በእርስዎ ጤና ጣቢያ የነዋሪውም የደጋው ሠራተኛም ደም በአንድ ወቅት ይመጣል፤ እንዲህ ያለ ናሙና በከተማ ተቀምጦ የሚገኝ አይደለም። ለምርመራ ጣቱን ከሚወጋው ታካሚ፣ ፈቃዱን ጠይቀው፣ ሁለትና ሦስት ጠብታ ደም በማጣሪያ ወረቀት ላይ ያሳርፉ። ወረቀቱ ከአቧራና ከዝንብ ተጠብቆ ጥላ ሥር ሙሉ በሙሉ ይድረቅ፤ ሳይደርቅ ከታሸገ ይሻግታል። ከዚያ እያንዳንዱን ለብቻው እርጥበት ከሚመጥ ከረጢት ጋር በፕላስቲክ ያሽጉት፤ ፍሪጅ አያስፈልገውም። በወረቀቱ ላይ ቁጥር ብቻ ይጻፉ፤ ታካሚው ከየት እንደ መጣና ከመጣ ስንት ሳምንት እንደሆነው ግን በመዝገብዎ ላይ በጥንቃቄ ይያዙ፤ የጥናትዎ ዋጋ ያለው እዚያ ላይ ነው። ዲኤንኤውን ማውጣትና ማስነበብ በዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ የሚሠራ ስለሆነ በዚያ በኩል እኔ አግዝዎታለሁ።

የሥነ ምግባር ፈቃዱ ግን ወራት ስለሚወስድ ማመልከቻውን አሁኑኑ ይጀምሩ። መስከረም ከገባ በኋላ ከጀመሩት ሠራተኞቹ ሰሊጡን አጭደው ይመለሳሉ።